በሰንጠረዥ ላይ የተከመረ ቁጥር
የ18,446,744,073,709,551,615 ጠባያት

ስለ ትልልቅ ቁጥሮች በተነሣ ቁጥር ጎልቶ የሚወራው ትልቅነታቸው ነው። ይሁን እንጂ ትልቅነት ከአንድ ሙሉ ቁጥር ጠባያት ሁሉ እጅግ ተራው ነው፤ ማናቸውንም ቁጥር ብንጠራ አንድ በመደመር ብቻ ከእርሱ የሚበልጥ ሌላ እናገኛለንና። የሒሳብ ሊቃውንትን ለዘመናት ያስጨነቃቸው ጥያቄ ሌላ ነው። ይህ ቁጥር ከምን ከምን ተሠራ? በምን በምን ይካፈላል? ከጎረቤቶቹስ በምን ይለያል? በዚህ ጽሑፍ አንድ ቁጥር ብቻ ወስደን እነዚህን ጥያቄዎች እንጠይቀዋለን። ለአንባቢ የሚያስፈልገው እርሳስ፣ ወረቀትና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አልጀብራ ነው፤ መጠነኛ የሒሳብ ማሽን ቢኖርም አይጠላም። ቁጥሩ የሚከተለው ነው፦

18,446,744,073,709,551,615

ሲነበብ 18 ኩዊንቲሊዮን፣ 446 ኳድሪሊዮን፣ 744 ትሪሊዮን፣ 73 ቢሊዮን፣ 709 ሚሊዮን፣ 551 ሺህ 615 ይሆናል። በግእዝ አኃዝ በመቶና በእልፍ እየከፈልን ብንጽፈው ፲፰፻፵፬፼፷፯፻፵፬፼፯፻፴፯፼፱፻፶፭፼፲፮፻፲፭ ይመጣል። በውጭው አጻጻፍ ሦስት ሦስት አኃዝ እየተነጠለ የሚከፈለው፣ በግእዙ አራት አራት እየሆነ በአምስት እልፋት መከፈሉን ልብ ይሏል።

ከየት የመጣ ቁጥር ነው?

ሰንጠረዥ የሚባለው ጨዋታ በቀድሞ ዘመን በአገራችን በቤተ መንግሥትና በመኳንንት ቤት የታወቀ ነበር። የኢትዮጵያው ሰንጠረዥ ቤቶች እንደ ዛሬው ቼዝ በጥቁርና በነጭ የተለዩ ሳይሆኑ በመስመር ብቻ የተከፈሉ ናቸው፤ ቁጥራቸው ግን ያው ስምንት በስምንት፣ ማለትም 64 ነው። ከዚህ ጨዋታ ጋር ተያይዞ በምሥራቅ አገሮች የሚነገር አፈ ታሪክ አለ። በ13ኛው ምእተ ዓመት የነበረው ጸሐፊ ኢብን ኸሊካንም መዝግቦታል። ጨዋታውን የፈለሰፈው ሲሳ የተባለ ጠቢብ ንጉሡ ምን ልሸልምህ ቢለው፣ በመጀመሪያው ቤት አንድ የስንዴ ፍሬ፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛው አራት፣ እንዲህ እያለ በየቤቱ በእጥፍ እያደገ እስከ 64ኛው ቤት ድረስ ይሰጠኝ አለ። ንጉሡ በልመናው ትንሽነት ተገረመ ይባላል። የጠቅላላው ፍሬ ብዛት ከላይ የጻፍነው ቁጥር ነው።

ይህን ለማረጋገጥ 64 ቁጥሮችን መደመር አያስፈልግም። ድምሩን «ድ» እንበለው፦

ድ = 1 + 2 + 4 + 8 + … + 2⁶³

ሁለቱንም ወገን በ2 ብናባዛ፦

2ድ = 2 + 4 + 8 + … + 2⁶³ + 2⁶⁴

ከሁለተኛው እኩልዮሽ የመጀመሪያውን ስንቀንስ መካከለኞቹ ሁሉ ይጣፋሉና ድ = 2⁶⁴ − 1 ይቀራል። በሌላ አነጋገር በየትኛውም ቤት ላይ ያለው ክምር ከእርሱ በፊት ባሉት ቤቶች ሁሉ ካለው ድምር በአንድ ፍሬ ይበልጣል።

2⁶⁴ንስ እንዴት እናገኘዋለን? 63 ጊዜ በእጥፍ ማሳደግ አሰልቺ ነው። የተሻለውን መንገድ አቡ ረይሓን አል-ቢሩኒ እ.ኤ.አ. በ1000 አካባቢ አሳይቷል፤ ይኸውም ቁጥሩን በራሱ እያባዙ መሄድ ነው። 2 በራሱ ሲባዛ 4፣ 4 በራሱ 16፣ 16 በራሱ 256፣ 256 በራሱ 65,536፣ ይህም በራሱ 4,294,967,296፣ በመጨረሻም ይህ በራሱ 18,446,744,073,709,551,616 ይሆናል። ስድስት ማባዛት ብቻ ነው። አንባቢ ይህን ዘዴ ይያዝልን፤ ወደ ጽሑፉ መጨረሻ በማይጠበቅ ቦታ እናገኘዋለን።

ትልቅ ማለት ምን ማለት ነው?

አንድ የስንዴ ፍሬ በግምት 0.04 ግራም ይመዝናል ብንል የሲሳ ሽልማት 738 ቢሊዮን ቶን ያህል ይሆናል። የዓለም ዓመታዊ የስንዴ ምርት በቅርብ ዓመታት 800 ሚሊዮን ቶን ገደማ ስለሆነ፣ የምድር ገበሬዎች ሁሉ ከ900 ዓመታት በላይ ለአንድ ሰው ብቻ ማምረት አለባቸው። በስንዴው ፋንታ ጤፍ ቢሆንስ? የአንድ ሺህ የጤፍ ፍሬ ክብደት 0.3 ግራም ገደማ ነው። ስለዚህ ክምሩ ወደ 5.5 ቢሊዮን ቶን፣ ማለትም ወደ 55 ቢሊዮን ኩንታል ይወርዳል። ኢትዮጵያ በቅርብ ዓመታት በዓመት ከ50 ሚሊዮን ኩንታል በላይ ጤፍ ስታመርት ቆይታለች፤ ዕዳውን ለመክፈል በግርድፉ አንድ ሺህ ዓመት ይፈጅባታል ማለት ነው።

ቁጥሩን በሰከንድ ብንለካው ደግሞ 584 ቢሊዮን ዓመት ያህል ይሆናል፤ ይህም ከጽንፈ ዓለም ዕድሜ (13.8 ቢሊዮን ዓመት) 42 እጥፍ ነው።

የፊዚክስ ተማሪ ግን በዚህ ብቻ መደነቅ የለበትም። ይህንኑ ያህል የውኃ ሞለኪውል እንውሰድ። በአቮጋድሮ ቁጥር (6.022 × 10²³) ስናካፍለውና በውኃ ሞላር መጠነ ቁስ ስናባዛው የምናገኘው 0.55 ሚሊግራም ነው። አንድ የውኃ ጠብታ 50 ሚሊግራም ያህል ስለሚመዝን፣ የምድርን ጎተራዎች ለዘጠኝ መቶ ዓመታት የሚያራቁተው ቁጥር ከአንድ ጠብታ አንድ ዘጠናኛ ገደማ ብቻ ሆነ! እንግዲህ «ትልቅ» የሚለው ቃል የሚቆጠረው ነገር ምን እንደሆነ ካልተነገረ ትርጉም የለውም።

የመጨረሻው አኃዝ

እኛ የፊዚክስ ሰዎች አንድ ልማድ አለን። ቁጥሩን 1.8 × 10¹⁹ ብለን ጽፈን እናልፋለን። የሒሳብ ማሽንም 1.844674407 × 10¹⁹ ብሎ የቀሩትን አሥር አኃዞች ይውጣቸዋል። ለመለኪያ ሥራ ይህ ትክክል ነው፤ የስንዴ ፍሬ ክብደት ራሱ በሁለት አኃዝ እንኳ በማይታወቅበት ሁኔታ ሃያ አኃዝ መጻፍ ዕውቀት ሳይሆን ማስመሰል ነው። ነገር ግን ጥያቄው «ስንት ያህል ነው?» መሆኑ ቀርቶ «በምን ይካፈላል?» ሲሆን ሁኔታው ይገለበጣል። 2⁶⁴ ከ2 በቀር ሌላ ብቸኛ አካፋይ የለውም (ብቸኛ ቁጥር የሚባለው ከ1 የሚበልጥና ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው ነው)። ከእርሱ አንድ ፍሬ ብቻ ያነሰው የእኛ ቁጥር ግን በ2 ጨርሶ አይካፈልም፤ እንደምናየው ሰባት ሌሎች ብቸኛ አካፋዮች አሉት። በመጠን ሲታዩ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከምንም አይቆጠርም፤ በውስጣዊ አሠራር ግን ሰማይና ምድር ናቸው። የተማሪዎች የሒሳብ ማሽን የሚውጠው እንግዲህ ዋናውን ነገር ነው።

ከአኃዞቹ ራሳቸው የሚነበብ ነገርም አለ። የመጨረሻው አኃዝ 5 ነው፤ ስለዚህ በ5 ይካፈላል። በአጋጣሚ አይደለም። የ2 ርቢዎች የመጨረሻ አኃዝ 2፣ 4፣ 8፣ 6 እያለ በአራት እርምጃ ይዞራል፤ 64 የ4 ብዜት ስለሆነ 2⁶⁴ በ6 ያበቃል፤ ከእርሱ አንድ ሲቀነስ 5። የአኃዞቹ ድምር 87 ነው፤ ይህም በ3 ይካፈላል፣ በ9 ግን አይካፈልም። ስለዚህ ቁጥራችን 3ን አንድ ጊዜ ብቻ ይዟል።

ቁጥሩን መበተን

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው ቀመር አለ፦ ሀ² − 1 = (ሀ − 1)(ሀ + 1)። 64 የ32 እጥፍ ስለሆነ፦

2⁶⁴ − 1 = (2³² − 1)(2³² + 1)

ከሁለቱ ቅንፎች የመጀመሪያው አሁንም ተመሳሳይ መልክ አለው፤ 32 የ16 እጥፍ ነውና እርሱም ይበተናል። 16 ወደ 8፣ 8 ወደ 4፣ 4 ወደ 2፣ 2 ወደ 1 እስኪደርስ ሥራው ይቀጥላል። ውጤቱ፦

2⁶⁴ − 1 = (2 + 1)(2² + 1)(2⁴ + 1)(2⁸ + 1)(2¹⁶ + 1)(2³² + 1)

በአኃዝ ሲጻፍ፦

3 × 5 × 17 × 257 × 65,537 × 4,294,967,297

ሃያ አኃዝ ያለው ቁጥር በአምስት መስመር አልጀብራ ተፈታ። ይህ ሊሆን የቻለው የሰንጠረዡ ቤቶች ብዛት ራሱ የ2 ርቢ በመሆኑ ነው። ሲሳ 61ኛው ቤት ላይ ቢቆም ኖሮ ድምሩ 2⁶¹ − 1 ይሆን ነበር፤ ይህም 2,305,843,009,213,693,951 ሲሆን ብቸኛ ቁጥር ነው! ኢቫን ፔርቩሺን የተባለ ሩሲያዊ ቄስ እ.ኤ.አ. በ1883 አረጋግጦታል። ሦስት ቤት ወደ ኋላ ብንመለስ አንድም በር የሌለው ግንብ፣ ሦስት ቤት ወደፊት ብንሄድ በሩ ሁሉ የተከፈተ ቤት እናገኛለን።

የፌርማ እምነትና የኦይለር ፍተሻ

ከላይ የተዘረዘሩት ስድስት አካፋዮች «የፌርማ ቁጥሮች» ይባላሉ። ፈረንሳዊው ፒየር ደ ፌርማ እ.ኤ.አ. በ1640 በጻፋቸው ደብዳቤዎች የዚህ ዓይነት ቁጥሮች ሁሉ ብቸኛ ናቸው ብሎ እንደሚያምን ገለጸ፤ ማረጋገጫ እንዳላገኘም አልሸሸገም። በእርግጥም 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65,537 ብቸኛ ናቸው። አምስት ምስክር ተሰልፏል። በላቦራቶሪ ሥራ አምስት ጊዜ የተደጋገመ ውጤት ያገኘ ተማሪ ሕግ አገኘሁ ብሎ ቢጽፍ ማን ይወቅሰዋል?

ክርስቲያን ጎልድባክ በታኅሣሥ ወር 1729 እ.ኤ.አ. ለሊዮንሃርድ ኦይለር በጻፈው ደብዳቤ ይህን የፌርማ ሐሳብ ያውቀው እንደሆነ ጠየቀው። ኦይለር በ1732፣ ገና በ25 ዓመቱ፣ በቅዱስ ፒተርስበርግ መልሱን አቀረበ፦

4,294,967,297 = 641 × 6,700,417

ስለዚህ ስድስተኛው ምስክር ፌርማን ከዳው። ጥያቄው ግን ኦይለር 641ን እንዴት አገኘው ነው። እየገመተ አልነበረም። ምክንያቱን ቆይቶ በሌላ ጽሑፍ አስረድቷል፤ ሐሳቡም የሚከተለው ነው።

የ2 ርቢዎችን ለአንድ ብቸኛ ቁጥር እያካፈልን ቀሪዎቹን ብቻ እንመዝግብ። ለምሳሌ አካፋዩ 17 ከሆነ ቀሪዎቹ 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 15፣ 13፣ 9፣ 1 ይሆናሉ፤ ከዚያ እንደገና 2 ብለው ይዞራሉ። ዙሩ ስምንት እርምጃ አለው። በመካከሉ፣ ማለትም በአራተኛው እርምጃ፣ ቀሪው 16 ነው፤ ይህም ከ17 በአንድ የሚያንስ ነው። ይህ የሚነግረን 17 ቁጥር 2⁴ + 1ን እንደሚያካፍል ነው። ፌርማ ራሱ ያገኘው ሌላ ሕግ ደግሞ የዙሩ ርዝመት ሁልጊዜ ከብቸኛው ቁጥር አንድ ተቀንሶ ለሚገኘው ቁጥር አካፋይ መሆኑን ይናገራል፤ እዚህ ላይ 8 ለ16 አካፋይ ነው።

አሁን አንድ ብቸኛ ቁጥር 2³² + 1ን ያካፍላል እንበል። በ32ኛው እርምጃ ቀሪው ከአካፋዩ በአንድ የሚያንስ ይሆናል፤ በ64ኛው እርምጃ 1 ይደርሳል። ዙሩ የሚያልቅበት እርምጃ ቁጥር የ64 አካፋይ መሆን አለበት፤ ነገር ግን 32 ወይም የ32 አካፋይ ሊሆን አይችልም፤ ቢሆን ኖሮ በ32ኛው እርምጃ ቀሪው 1 በሆነ ነበር። ስለዚህ የዙሩ ርዝመት ልክ 64 ነው። በፌርማ ሕግ መሠረት ያ ብቸኛ ቁጥር አንድ ሲቀነስለት በ64 መካፈል አለበት። እንግዲህ መፈተሽ ያለባቸው በ64 ሲካፈሉ 1 የሚተርፋቸው ብቸኛ ቁጥሮች ብቻ ናቸው፤ እነርሱም 193፣ 257፣ 449፣ 577፣ 641 … ናቸው። ኦይለር በአምስተኛው ሙከራ ደረሰ ማለት ነው። የሚያስደንቀው ነገር ፌርማ የራሱን እምነት የሚያፈርሰውን መሣሪያ በራሱ እጅ ሠርቶት መገኘቱ ነው።

ኤዱዋር ሉካ እ.ኤ.አ. በ1878 ሕጉን አጥብቆ በ64 ፋንታ 128 ማለት እንደሚቻል አሳየ። በዚህ ሕግ ከ641 በፊት የሚቀረው ብቸኛ ቁጥር 257 ብቻ ነው። እርሱንም ያለ ምንም ማካፈል መጣል ይቻላል፤ ከላይ እንዳደረግነው 2³² − 1ን ስንበትን 3 × 5 × 17 × 257 × 65,537 ይመጣል፤ ስለዚህ በሁለት የሚበልጠው 2³² + 1 በእነዚህ በአምስቱ ቁጥሮች ሲካፈል ሁልጊዜ 2 ይተርፋል። ስለዚህ 641 የመጀመሪያው ሙከራ ሆነ። ጎልድባክም በ1730 ለኦይለር እንደጻፈው፣ የፌርማ ቁጥሮች አንዱ ከሌላው ጋር የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው ብቸኛ ቁጥሮች ማብቂያ እንደሌላቸው ከዚሁ ይከተላል።

641 በእርግጥ እንደሚያካፍል ለማየት ረጅሙን ማካፈል ለማይወድ አንባቢ አጭር መንገድ እነሆ። 641 = 5 × 2⁷ + 1 ነው፤ ደግሞም 641 = 5⁴ + 2⁴ ነው (625 + 16)። በ641 ሲካፈል ከሚተርፈው ቀሪ አንጻር የመጀመሪያው 5 × 2⁷ ከ−1 ጋር አንድ እንደሆነ ይነግረናል። አራት ጊዜ በራሱ ብናባዛው 5⁴ × 2²⁸ ከ1 ጋር አንድ ይሆናል። ሁለተኛው ደግሞ 5⁴ ከ−2⁴ ጋር አንድ ነው ይላል። ብንተካ −2³² ከ1 ጋር አንድ ሆነ፤ ማለትም 2³² + 1 በ641 ያለ ቀሪ ይካፈላል። ከዚህ የሚያምር ባለ ሦስት መስመር ማረጋገጫ በዚህ ጸሐፊ ግምት ጥቂት ነው።

የቀረው 6,700,417 ነው። እርሱስ ብቸኛ ነው? ባይሆን ኖሮ ከዳግም ዘሩ፣ ማለትም ከ2,588 የማይበልጥ ብቸኛ አካፋይ ይኖረው ነበር፤ ያም አካፋይ በሉካ ሕግ መሠረት በ128 ሲካፈል 1 ሊተርፈው ይገባል። እስከ 2,588 ድረስ እንዲህ ያሉ ብቸኛ ቁጥሮች አምስት ብቻ ናቸው። በ257 ስናካፍል 170 ይተርፋል፤ በ641 ስናካፍል 44፤ በ769 ስናካፍል 120፤ በ1,153 ስናካፍል 334፤ በ1,409 ስናካፍል 622። አንዱም ያለ ቀሪ አላካፈለም፤ ስለዚህ ብቸኛ ነው። አንባቢ እነዚህን አምስት ማካፈሎች ራሱ እንዲሠራቸው አጥብቀን እናሳስባለን፤ አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፤ የሌላውን ሰው ቃል ከማመንና ራስ ከማወቅ ያለው ልዩነትም በእነዚህ ደቂቃዎች ይታያል። ያለ ሕጉ ቢሆን እስከ 2,588 ድረስ ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ መሞከር ነበረብን።

የተሟላው ትንታኔ እንግዲህ ይህ ነው፦

3 × 5 × 17 × 257 × 641 × 65,537 × 6,700,417

ሰባቱም ልዩ ልዩ ስለሆኑ እያንዳንዱን መውሰድ ወይም መተው ይቻላል፤ ስለዚህ የቁጥራችን አካፋዮች ብዛት 2⁷፣ ማለትም 128 ነው።

ማስመሪያና ኮምፓስ

ከእነዚህ ሰባቱ አምስቱ ከጂኦሜትሪ ጋር የቆየ ዝምድና አላቸው። ካርል ፍሪድሪክ ጋውስ እ.ኤ.አ. በ1796፣ በ18 ዓመቱ፣ ጎኖቹ እኩል የሆኑ ባለ 17 ጎን ቅርጽ በማስመሪያና በኮምፓስ ብቻ መሥራት እንደሚቻል አሳየ። ከጥንት ግሪኮች ወዲህ በዚህ ጉዳይ የተጨመረ አዲስ ነገር አልነበረም። በኋላም የጎኖቹ ብዛት ኢ-ተጋማሽ ሲሆን፣ ብዛቱ ብቸኛ የሆኑ የተለያዩ የፌርማ ቁጥሮች ብዜት ከሆነ ቅርጹ ሊሠራ እንደሚችል አስረዳ፤ ከዚህ ውጪ እንደማይቻል ደግሞ ፒየር ቫንትዜል በ1837 አረጋገጠ። የታወቁት ብቸኛ የፌርማ ቁጥሮች አምስት ብቻ ስለሆኑ፣ ብዜታቸው 2³² − 1 = 4,294,967,295 ካሉት 32 አካፋዮች 1ን ስንተው 31 ቅርጾች ይቀራሉ። 641 እና 6,700,417 የዚህ ወገን አይደሉም። ዮሐን ጉስታቭ ሄርሜስ የተባለ ጀርመናዊ ባለ 65,537 ጎኑን ቅርጽ አሠራር ለመጻፍ ዓመታት ፈጅቶ በ1894 ጨረሰ፤ ጽሑፉ በጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ ተቀምጧል። ቅርጹ ቢሣል ከክብ በዓይን የሚለየው የለም፤ እንግዲህ ለምን እንደደከመ መፍረዱን ለአንባቢ እንተዋለን።

በኮምፒዩተር ውስጥ

ዛሬ ይህን ቁጥር ከማንም በላይ የሚያውቀው ኮምፒዩተር ነው። በሁለትዮሽ አጻጻፍ ቁጥራችን 64 ጊዜ የተደረደረ 1 ነው፤ በ64 ቢት ሊጻፍ የሚችል ትልቁ ቁጥርም እርሱ ነው። አንድ ቢጨመርበት፣ የመኪና ኪሎ ሜትር ቆጣሪ 99,999 ላይ ደርሶ ወደ 00,000 እንደሚመለስ ሁሉ፣ ዜሮ ይሆናል። ሰንጠረዡ ሞላ፤ 65ኛ ቤት የለም።

ይህ ጨዋታ አይደለም። እ.ኤ.አ. ሰኔ 4 ቀን 1996 አሪያን 5 የተባለችው የአውሮፓ ሮኬት የመጀመሪያ በረራዋን በጀመረች በ40 ሰከንድ ገደማ ውስጥ ፈነዳች። ምክንያቱ በ64 ቢት የተያዘ አንድ የፍጥነት ልኬት 16 ቢት ብቻ ወዳለው ቦታ ሲዛወር ሊይዘው ከሚችለው 32,767 በላይ ሆኖ መገኘቱ ነበር። ሌላ ቀጠሮም አለ። በርካታ የቆዩ ሥርዓቶች ጊዜን የሚቆጥሩት ከጥር 1 ቀን 1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባለፉ ሰከንዶች ሲሆን፣ የሚይዙት ትልቁ ቁጥር 2³¹ − 1 ነው። ይህ የሚሞላው በኢትዮጵያ ሰዓት ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ላይ ነው፤ የጥምቀት ዕለት ማለዳ መሆኑ ነው። መፍትሔው ቆጣሪውን ወደ 64 ቢት ማሳደግ ነው፤ በዚያ ከሄድን ከምልክት ማስቀመጫው አንድ ቢት ሲቀነስ እንኳ 292 ቢሊዮን ዓመት ይበቃናል።

ከሰባቱ አካፋዮች አንዱ ደግሞ በየዕለቱ ያገለግለናል። በኢንተርኔት የሚተላለፍ ምስጢር ከሚቆለፍባቸው ዘዴዎች አንዱ በሆነው በአር.ኤስ.ኤ. ውስጥ መልእክቱ እንደ ቁጥር ተወስዶ ብዙ ጊዜ በራሱ ይባዛል፤ በጣም የተለመደው አርቢ 65,537 ነው። ለምን እርሱ ተመረጠ? 65,537 = 2¹⁶ + 1 ስለሆነ 16 ጊዜ በራስ ማባዛትና አንድ ተጨማሪ ማባዛት ይበቃዋል። ይህም የአል-ቢሩኒ ዘዴ ራሱ ነው።

የዚህ ቁልፍ ጥንካሬ የተመሠረተው ትልቅ ቁጥርን ወደ ብቸኛ አካፋዮቹ መበተን አስቸጋሪ በመሆኑ ላይ ነው። የእኛ ቁጥር በቀላሉ የተበተነው መልኩ ስለረዳን እንጂ ሁሉም እንዲህ አይደለም። ሉካ እ.ኤ.አ. በ1876 የ2⁶⁷ − 1ን ብቸኛ አለመሆን አንድም አካፋይ ሳያገኝ አረጋገጠ፤ 193,707,721 × 761,838,257,287 መሆኑን ፍራንክ ኔልሰን ኮል እስኪያቀርብ ድረስ 1903 ደረሰ። መበተኑ ከባድ ነው፤ መልሱን ማጣራት ግን አንድ ማባዛት ነው። በ2020 ተመራማሪዎች 250 አኃዝ ያለውን የአር.ኤስ.ኤ. ቁጥር ሲበትኑ፣ ሥራው ለአንድ የኮምፒዩተር አእምሮ ቢሰጥ 2,700 ዓመት ያህል የሚፈጅ ነበር። ዛሬ በሥራ ላይ ያሉት የተለመዱ ቁልፎች 617 አኃዝ አላቸው።

ከቁጥራችን በሁለት የሚበልጠው 2⁶⁴ + 1 ቀጣዩ የፌርማ ቁጥር ነው። ፎርቱኔ ላንድሪ እ.ኤ.አ. በ1880፣ በ82 ዓመቱ፣ 274,177 × 67,280,421,310,721 መሆኑን አሳወቀ፤ ቶማስ ክላውሰን ግን በ1855 ለጋውስ በጻፈው ደብዳቤ ቀድሞታል። ከ65,537 በኋላ አንድም ብቸኛ የፌርማ ቁጥር እስከ ዛሬ አልተገኘም። ብቸኛ ይሁን አይሁን ገና ያልታወቀው ትንሹ የፌርማ ቁጥር የ2 አርቢው 2³³ የሆነው ነው፤ እርሱም ከ2.5 ቢሊዮን በላይ አኃዝ አለው።

ለአንባቢ የቀረበ መልመጃ፦ በሰንጠረዡ ላይ ከመጀመሪያው ቤት እስከ እያንዳንዱ ቤት ድረስ ያለውን ድምር እንመዝግብ፦ 1፣ 3፣ 7፣ 15፣ 31፣ 63 … እያለ እስከ 64ኛው። ከእነዚህ 64 ድምሮች በ7 ያለ ቀሪ የሚካፈሉት ስንት ናቸው? የመጨረሻው ድምርስ በ7 ሲካፈል ስንት ይተርፋል? የ2 ርቢዎች በ7 ሲካፈሉ ቀሪዎቹ በስንት እርምጃ እንደሚዞሩ በማየት ይጀመር።